የስም መዝገቡ ሳናዘው ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ

የኮምፒዩተር ትምህርት፤ ለተማሪዎችና ለወላጆች



ይህ ትምህርት ስለ አንድ የተለመደ ችግር ነው። በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ ወይም በማኅበር ጽሕፈት ቤት የሰዎች ስም የሚመዘገብበት ኮምፒዩተር አለ እንበል። ፕሮግራሙ እዚያው ቢሮ ውስጥ እንዲሠራ የተጫነ ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አንድ ቀን ግን መዝጋቢው ሲከፍተው ፕሮግራሙ ሳይታዘዝ ወደ ውጭ ለመገናኘት ይሞክራል። ይህን ሲያይ አንዱ ይደነግጥና ኮምፒዩተሩን ያጠፋል። ሌላው ደግሞ «ምን አገባኝ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱም አልተማሩበትም። ትክክለኛው መንገድ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው፦ የሚወጣው ማን ነው? የሚሄደው ወዴት ነው? ይዞ የሚሄደው ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ቀላልና የማያስፈራ ሆኖ ይገኛል። አልፎ አልፎ ግን የሰው ደኅንነት ያለበት ጉዳይ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በመመርመር እንጂ በመገመት አይደለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌ ለኮምፒዩተርም ይሠራል።

(በዚህ ትምህርት ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

1. ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

ከመካከላችሁ በካርቱም ዴም ሰፈር የኖራችሁ፣ እዚያው የተወለዳችሁም አላችሁ። ዴም እስከ ጦርነቱ ድረስ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን መኖሪያ ነበረች። እንጀራ የሚሸጥባት፣ ቡና የሚፈላባት፣ አማርኛና ትግርኛ ከዐረብኛ ጋር የሚሰማባት ሰፈር ነበረች። በዚያ ለኖረ ሰው ስምና አድራሻ ተራ ነገር እንዳልሆነ መንገር አያስፈልግም። በሱዳን ደንብ ስደተኛ የሚኖረው በካምፕ ነው። ስለሆነም የከተማ ፈቃድ የሌለው ሰው «ከሻ መጣ» በተባለ ቁጥር ከመታፈስ ለመዳን በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር።

አሁን ይህን አስቡ። ልጅን ትምህርት ቤት ለማስገባት፣ የታመመን ለማሳከም፣ ርዳታ ለማግኘት ስም መመዝገብ ግድ ነው። ያው የስም ዝርዝር በማይገባው ሰው እጅ ቢወድቅ ግን ማን የት እንደሚኖር፣ ከየት እንደመጣ፣ አባቱ ማን እንደሆነ ይናገራል። ዝርዝሩ አንድ ነው፤ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚወሰነው በያዘው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ከዴም ወጥቶ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ መተማና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። በዚያ ዓይነት ጊዜ የወረቀት መዝገብ ተሸክሞ መውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያየ ያውቀዋል። በኮምፒዩተር የተያዘ መዝገብ በአንዲት ፍላሽ ላይ ተገልብጦ በኪስ ይያዛል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በኪስ የሚያዝ ነገር በቀላሉ ይወሰዳል፤ በመስመር የሚሄድ ነገር ደግሞ ሲወሰድ እንኳ አይታይም። ይህን ትምህርት የምንማረው ስለዚህ ነው።

2. የመረጃ ቋት ምንድን ነው?

ዳታቤዝ በአማርኛ የመረጃ ቋት ይባላል። ቋት ዱቄት የሚጠራቀምበት ዕቃ እንደሆነ እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል። የመረጃ ቋትም እንዲሁ መረጃ የሚጠራቀምበት ነው። መልኩ ከመምህሩ የስም መጥሪያ ደብተር ይመሳሰላል፦ ወደ ታች ተማሪዎች፣ ወደ ጎን ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ውጤት ይደረደራሉ።

የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች በሁለት ይከፈላሉ። ይህን ልዩነት በደንብ ያዙት፤ ኋላ ለምርመራው ያስፈልጋል።

ሀ) የፋይል ዓይነት፦ መዝገቡ በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍት አክሰስ ምሳሌ ነው። ስንከፍተው ይሠራል፤ ስንዘጋው ያርፋል።

ለ) የአገልጋይ ዓይነት፦ ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ምሳሌዎች ናቸው። እነዚህ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው ይነሣሉ፤ መስኮት ባይታይም ከጀርባ ሆነው በአንድ «በር» ላይ ደንበኛ ይጠብቃሉ። በሩ በኮምፒዩተር ቋንቋ ፖርት ይባላል፤ ቁጥርም አለው። ማይኤስኪውኤል 3306፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 1433፣ ፖስትግሬስኪውኤል 5432 ላይ መቀመጥ ልማዳቸው ነው።

ከዚህ ሌላ ሥራው ራሱ በኢንተርኔት የሆነ ቋት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስደተኞችን የሚመዘግብበት ፕሮግሬስ የተባለ ሥርዓት ጥሩ ምሳሌ ነው። የቀድሞዎቹ እትሞች በየአገሩ ባሉ ቢሮዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጡ ነበር፤ አራተኛው እትም ግን በኢንተርኔት የሚሠራ ማዕከላዊ ቋት ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ወደ ውጭ ቢገናኝ አያስገርምም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ይህ ፕሮግራም መውጣት ሥራው ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. ምልክቶቹ

የሚከተሉት ሲታዩ ምርመራ ያስፈልጋል።

• ማንም ኢንተርኔት ሳይጠቀም የሞደሙ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ሲል፤
• በስልክ በኩል የተገዛው ሜጋባይት ማንም ሳይጠቀምበት ሲያልቅ፤
• ፋየርዎል የሚባለው የኮምፒዩተሩ ዘበኛ «ይህ ፕሮግራም መስመር ይፈልጋል፤ ልፍቀድ ወይስ ልከልክል?» ብሎ ሲጠይቅ፤
• መስመር ሲኖር ፈጥኖ የሚከፈተው ፕሮግራም መስመር ሲቋረጥ አንድ ሁለት ደቂቃ የሚያስጠብቅ ሲሆን።

የመጨረሻው ምልክት ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ፕሮግራሙ የዘገየው ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ከውጭ መልስ ሲጠብቅ ነው። መልሱ ሲቀርበት ተስፋ ቆርጦ ይከፈታል።

4. የተለመዱ ምክንያቶች

አንደኛ፤ አዲስ እትም መፈለግ። ብዙ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ «ከእኔ የተሻለ እትም ወጥቷል ወይ?» ብለው ሠሪያቸውን ይጠይቃሉ።

ሁለተኛ፤ የፈቃድ ማረጋገጫ። ፕሮግራሙ በሕጋዊ መንገድ መገዛቱን ለማረጋገጥ ወደ ኩባንያው ይልካል።

ሦስተኛ፤ የፊርማ ማጣሪያ። ፕሮግራሞች ሐሰተኛ አለመሆናቸውን የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ አላቸው። ኮምፒዩተሩ ፊርማው አለመሰረዙን በኢንተርኔት ያጣራል። መስመር ከሌለ መዘግየት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

አራተኛ፤ የአጠቃቀም ሪፖርት። ለምሳሌ ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2016 እትም ጀምሮ ስለ አጠቃቀሙ ለሠሪው ሪፖርት የሚልክ አገልግሎት አብሮት ይጫናል።

አምስተኛ፤ ስም ፍለጋ። ማይኤስኪውኤል ከሌላ ኮምፒዩተር ደንበኛ ሲመጣበት የደንበኛውን ቁጥር አይቶ ስሙን ለማወቅ የአድራሻ መዝገብን ይጠይቃል። ጥያቄው ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። «ስኪፕ ኔም ሪዞልቭ» በተባለ ትእዛዝ ይቆማል፤ ነገር ግን ለተጠቃሚዎች ፈቃድ የተሰጠው በቁጥር ሳይሆን በኮምፒዩተር ስም ከሆነ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ስድስተኛ፤ በራሳችን መዝገብ ውስጥ ያለ ማያያዣ። አንድ ሰው በቅጹ ላይ ከኢንተርኔት የሚመጣ ሥዕል አስገብቶ ይሆናል። ወይም መዝገቡ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ያ ኮምፒዩተር አሁን የለም። አክሰስ ሲከፈት በራሱ የሚሠራ ማክሮ የተባለ የትእዛዝ ዝርዝርም ሊኖር ይችላል።

ሰባተኛ፤ የመዝገቡ ማስቀመጫ። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ፋይሉ የተቀመጠው እንደ ዋንድራይቭ ወይም ጉግል ድራይቭ ባለ በራሱ ወደ ኢንተርኔት በሚገለበጥ ማኅደር ውስጥ ከሆነ የሚወጣው ተራ ጥያቄ ሳይሆን መዝገቡ በሙሉ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያወጣው የመዝገቡ ፕሮግራም ስላልሆነ እሱን ብቻ የሚመረምር ሰው ምንም አያገኝም።

ስምንተኛ፤ ተንኮል። ቫይረስ፣ ሰላይ ፕሮግራም፣ ወይም ከውጭ ሰው የሚገባበት ክፍት በር።

በዴም ለነበሩ ኮምፒዩተሮች አንድ ተጨማሪ ነገር መጨመር ይገባል። አሜሪካ ከኅዳር 1997 እስከ ጥቅምት 2017 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር። በየካቲት 2015 ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች እንዲገቡ ፈቀደች፤ ከዚያ በፊት ግን የአሜሪካ ኩባንያዎችን ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ ካርቱም ላይ መግዛትና ማደስ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሰው በተገለበጠ ሲዲ ይጠቀም ነበር። የተገለበጠ ፕሮግራም ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው፣ ፈቃዱን ለማረጋገጥ በየጊዜው ይሞክራል፤ አይሳካለትም፤ እንደገና ይሞክራል። ሁለተኛው፣ መቆለፊያውን የሚሰብረው «ክራክ» የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ማን እንደሠራውና ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው ነው። ከዚያን ጊዜ የተረፈ ሲዲ ወይም ኮምፒዩተር ካላችሁ የሰዎችን ስም ከማስገባታችሁ በፊት ነፃ ከሆነ ሕጋዊ ፕሮግራም መጀመር ይሻላል። ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስኪውኤል ያለ ክፍያ የሚገኙ እትሞች አሏቸው፤ ሊብሬኦፊስ ውስጥም ቤዝ የተባለ የመረጃ ቋት አለ።

5. አድራሻን ማንበብ

በኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉት አድራሻ አለው። (ረዘም ያለ አዲስ ዓይነትም አለ፤ ለዛሬ ይቆየን።) ሁሉንም ቁጥር ማወቅ አያስፈልግም፤ የሚከተሉትን መለየት ግን ግማሹን ጭንቀት ያስወግዳል።

• 127.0.0.1 ማለት «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋር እየተነጋገረ ነው። ምንም ነገር ከቤት አልወጣም። አንዳንድ ጊዜ በቁጥር ፋንታ «ሎፕባክ» ተብሎ ይጻፋል።
• በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር፣ እንዲሁም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው የሚጀምር አድራሻ የጎረቤት ነው። እዚያው ቢሮ ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒዩተር፣ ማተሚያ ወይም ሞደም ይሆናል።
• ከእነዚህ ውጭ ያለው በአብዛኛው የውጭ አድራሻ ነው። መመርመር ያለበት ይህ ነው።
• 0.0.0.0 በጠባቂ በሮች ዝርዝር ውስጥ ሲታይ «ከየትም ለሚመጣ ሁሉ በሩን ከፍቻለሁ» ማለት ነው። የመረጃ ቋት እንዲህ ካለ ለጎረቤት ክፍት ነው፤ ዘበኛውና ሞደሙ ካልከለከሉ ለዓለምም ክፍት ይሆናል።

የበር ቁጥርም ይናገራል። 53 የስም ፍለጋ ነው። 443 የተቆለፈ የድረ ገጽ ግንኙነት ነው፤ እድሳትና ፈቃድ ማረጋገጫ በአብዛኛው በዚህ ይሄዳሉ። ነገር ግን ሰላይ ፕሮግራምም በ443 መውጣት ይችላል። ስለዚህ የበር ቁጥር ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

6. ምርመራው በቅደም ተከተል

ከመጀመራችሁ በፊት የመዝገቡን ኃላፊ አስፈቅዱ። የመዝገቡን ቅጂ በንጹሕ ፍላሽ አስቀምጡ። ደብተር አውጡና ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የፕሮግራሙ ስም፣ የውጭ አድራሻ፣ የበር ቁጥር፣ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ እንደነበር። ያልተጻፈ ምርመራ ነገ እንደገና ይጀመራል።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሆነ ማየት። በዊንዶውስ ውስጥ ሪሶርስ ሞኒተር የተባለ መሣሪያ አለ። ኔትዎርክ የሚለውን ክፍል ስትከፍቱ የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው አድራሻ ጋር፣ በየትኛው በር እንደተገናኘ ይዘረዝራል። ከሥሩ ደግሞ ደንበኛ የሚጠብቁትን በሮች ያሳያል። ያያችሁትን ወደ ደብተሩ ገልብጡ።

ደረጃ 2፦ መስመሩን ነቅሎ መሞከር። ገመዱን ንቀሉ ወይም ዋይፋዩን አጥፉ። ፕሮግራሙን ክፈቱና አንድ ተማሪ መዝግቡ፣ ፈልጉ፣ አትሙ። ሁሉም ከሠራ ግንኙነቱ ለሥራው አያስፈልግም ማለት ነው። አንድ ነገር ከቆመ ግንኙነቱን የሚፈልገውን ክፍል አገኛችሁ።

ደረጃ 3፦ ፕሮግራሙን ከመዝገቡ መለየት። መስመሩን መልሱና በውሸት ስሞች አዲስ ባዶ መዝገብ ክፈቱ። አሁንም ለመውጣት ከሞከረ ምክንያቱ ፕሮግራሙ ነው። በባዶው መዝገብ ዝም ካለና በእውነተኛው ብቻ ከሞከረ ምክንያቱ በእናንተ መዝገብ ውስጥ ያለ ማያያዣ፣ ሥዕል ወይም ማክሮ ነው። በአክሰስ የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ መዝገቡን መክፈት በራሱ የሚነሣውን ማክሮ ያልፈዋል፤ ያን ጊዜ ዝም ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ፕሮግራሙን ዘግቶ ማየት። የመዝገቡ ፕሮግራም ተዘግቶም ግንኙነቱ ከቀጠለ የሚወጣው ከጀርባ ያለ አገልጋይ፣ ማኅደሩን የሚገለብጥ ፕሮግራም ወይም እንግዳ ነው። ደረጃ 1ን ድገሙ።

ደረጃ 5፦ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። የእድሳት ፍለጋን አጥፉና ቀኑን ሙሉ ተመልከቱ። ካልቆመ የአጠቃቀም ሪፖርቱን አጥፉ፤ እንደገና ተመልከቱ። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳጠፋው አያውቅም።

ደረጃ 6፦ በሩን መዝጋት። የዊንዶውስ ፋየርዎል ሲሠራ ከውጭ የሚገባውን ይከለክላል፤ ከውስጥ የሚወጣውን ግን ካልታዘዘ ያሳልፋል። ስለዚህ መውጣት የማያስፈልገውን ፕሮግራም በወጪ ደንቦች ዝርዝር ውስጥ በስሙ መከልከል ያስፈልጋል። የአገልጋይ ዓይነት ቋት ከሆነና ሌላ ኮምፒዩተር የማይጠቀምበት ከሆነ 127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲጠብቅ አድርጉት፤ የይለፍ ቃልም ስጡት። እድሳትን ለሁልጊዜ አትከልክሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሆን ብላችሁ አድሱ። ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው ክፍል ታዩታላችሁ።

ምርመራው ማንነቱ ያልታወቀ ፕሮግራም ወደማይታወቅ አድራሻ ሲልክ ካገኘ የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉ፤ ምንም ነገር ግን አትሰርዙ። ደብተሩን ይዛችሁ ለኃላፊው ንገሩ። የተሰረዘ ማስረጃ አይመለስም።

7. በእውነት የደረሱ ነገሮች

ሀ) የስላመር ትል። ጥር 25 ቀን 2003 ስላመር የተባለ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ተለቀቀ። የሚያጠቃው የማይክሮሶፍትን የመረጃ ቋት ሲሆን በበር ቁጥር 1434 ይገባ ነበር። መጠኑ 376 ባይት ብቻ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ ይህ ከሁለት መስመር ጽሑፍ አይበልጥም። በመጀመሪያው ደቂቃ የተያዙት ኮምፒዩተሮች ቁጥር በየ8.5 ሴኮንዱ እጥፍ ይሆን ነበር። በ10 ደቂቃ ውስጥ መያዝ ከሚችሉት 90 በመቶው ተያዙ፤ በጠቅላላው ቢያንስ 75 ሺህ ኮምፒዩተሮች ተጠቁ። በአሜሪካ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ቆሙ፤ በደቡብ ኮሪያ ኢንተርኔት ተስተጓጎለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው እድሳት ከስድስት ወር በፊት፣ በሐምሌ 2002 ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ በኮምፒዩተራቸው ላይ የመረጃ ቋት መኖሩን አያውቁም ነበር። ሌላ ፕሮግራም ሲጭኑ ትንሹ የማይክሮሶፍት ቋት አብሮ ገብቶ ነበር። ደግሞም ስላመር በዲስክ ላይ አይጻፍም፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ይጠፋል፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ግን ወዲያው ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ «አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ተሻለው» ማለት መፍትሔ አይደለም።

ለ) የግንቦት 7 ፎቶግራፍ። በመጋቢት 2013 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የተባለ የጥናት ክፍል አንድ ሪፖርት አወጣ። የኢትዮጵያ ተቃዋሚ ድርጅት የግንቦት 7ን መሪዎች ፎቶግራፍ የሚመስል ፋይል ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም ይጭን ነበር። ተመራማሪዎቹ ፕሮግራሙ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ሲከታተሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ፣ በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ የሚገኝ ኮምፒዩተር አገኙ። ይህ የመረጃ ቋት አይደለም፤ የተያዘበት መንገድ ግን እኛ የተማርነው ነው፦ «ወዴት ነው የሚሄደው?» የሚል ጥያቄ። ፎቶግራፍ ወደ ውጭ አገልጋይ የሚገናኝበት ምክንያት የለውም።

ሐ) የቀይ መስቀል መዝገብ። ጥር 19 ቀን 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የመረጃ ቋቱ መሰበሩን ገለጸ። የተነካው ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ሲሆን ቢያንስ ከ60 አገሮች የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት የተሰበሰበ ነበር። እነዚህ ሰዎች በጦርነት፣ በስደትና በአደጋ ከቤተሰባቸው የተለያዩ፣ የጠፉ ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉ፣ የታሰሩም ነበሩ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ኅዳር 9 ቀን 2021 ነው፤ የታወቀው ግን ጥር 18 ቀን 2022፣ ከ70 ቀን በኋላ ነው። የገቡት በጊዜው ባልታደሰ ፕሮግራም ቀዳዳ ነበር። ያን ያህል ባለሙያ ያለው ድርጅት እንዲህ ከደረሰበት እኛ ደብተር ይዘን መከታተላችን ቅንጦት አይደለም።

8. ለወላጆች

ውድ ወላጆች፤ ኮምፒዩተር አላውቅም ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። ለመዝጋቢው የሚቀርቡት ዋና ዋና ጥያቄዎች የእናንተ ናቸው። የልጄ ስም የሚጻፈው ለምን ሥራ ነው? ማን ያየዋል? ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል ወይ? ልጄ ትምህርቱን ሲጨርስ ይሰረዛል ወይ? ኮምፒዩተሩ ኢንተርኔት አለው ወይ? በአክብሮት ጠይቁ፤ ቅን መዝጋቢ አይቀየምም።

ለትምህርት የማያስፈልግ ነገርም በቅጹ ላይ ካለ «ይህ ለምን አስፈለገ?» በሉ። ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍልና የሚጠራ ዘመድ ለትምህርት ቤት ያስፈልጋሉ። አባት ከአገር ለምን እንደወጣ፣ አጎት የየትኛው ድርጅት አባል እንደነበረ ግን የሒሳብ ትምህርት አያስተምርም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ይህ ነው፦ ያልተመዘገበ ነገር አይሰረቅም።

በእጅ ስልካችሁ የምታካፍሉት ሜጋባይት ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ በዊንዶውስ ውስጥ መስመሩን «በመጠን የሚከፈልበት» ብሎ መመዝገብ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ብዙውን እድሳት ሳይጠየቅ አያወርድም። ልጆቻችሁ ያሳዩዋችሁ።

9. መልመጃ

1. የመዝገቡ ፕሮግራም ከ127.0.0.1 ጋር ሲገናኝ ታየ። መረጃ ወደ ውጭ ወጥቷል?
2. ፕሮግራሙ ከ192.168.1.20 ጋር ተገናኘ። ይህ ምን ሊሆን ይችላል?
3. አክሰስ በባዶ መዝገብ ሲከፈት ዝም ይላል፤ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ሲከፈት ግን ለመውጣት ይሞክራል። ምክንያቱን የት ትፈልጋላችሁ?
4. አንድ ትል በየ8.5 ሴኮንዱ እጥፍ የሚባዛ ከሆነና በአንድ ኮምፒዩተር ከጀመረ ከ85 ሴኮንድ በኋላ ስንት ኮምፒዩተር ይይዛል?
5. የምታውቁትን አንድ የምዝገባ ቅጽ አስቡ። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ለሥራው የማያስፈልገው የትኛው ነው? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

መልስ፦ 1. አልወጣም፤ ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋር ነው የተነጋገረው። 2. እዚያው ቢሮ ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒዩተር፣ ማተሚያ ወይም ሞደም። 3. በመዝገቡ ውስጥ፤ ማያያዣዎቹን፣ ሥዕሎቹንና ማክሮዎቹን መርምሩ። 4. 85 ለ8.5 ሲካፈል 10 ነው፤ 2 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,024 ይሆናል። 5. የዚህ መልስ በየቤታችሁ ነው።